ሞንታና ላይ የተሰቀለው ቋንጣ

በቀላሉ የምታመን ሰው አይደለሁም፤ ይህችኛዋ ግን እውነት ናት።

በፈረንጆቹ 2018፣ ሐምሌ ላይ፣ እኔ፣ ሚስቴ ሰገነትና የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጃችን ዮሐና መኝታም ኩሽናም ያለው አርቪ የሚሉት መኪና ተከራይተን ከምንኖርባት የሚኒሶታ ከተማ ከክሪስታል ወደ ሲያትል ተነሣን። የሰገነት ታናሽ እህት ሮማነወርቅ ልታገባ ነው፤ ሰገነት ደግሞ የሠርጉን ቋንጣ ከኔ ብላ ለዘመድ ሁሉ አስወርታለች። ከቅርጫችን ያስቀረነውን ሥጋ በፍሪዘር ይዘናል። በሚኒሶታ የሐምሌ ወበቅ ቋንጣ ይሸታል እንጂ አይደርቅም። ስለዚህ ሞንታና ተራራ ላይ እናደርቀዋለን ተባባልን።

አንዲት ተራራ ሥር የተወሸቀች ከተማ ደርሰን፣ የአርቪ ማቆሚያ ግቢ ውስጥ ፓርክ አደረግን። ከአርቪው እስከ ጥዱ ገመድ ወጠርኩ። ሰገነት ሥጋውን ዘልዝላ፣ በጨውና በሚጥሚጣ አሽታ ሰቀለችው። ነፋሱ ደረቅ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ቋንጣው እንደ ጠፍር ተኮማተረ።

አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ግን አላማረንም። በዚያ ጠዋት ሦስት ጊዜ ዙሪያችንን ዞረ። አንዴ ቆሞ ገመዱን አየ። አንዴ ታርጋችንን ጻፈ።

"ታርጋው ምን ያደርግለታል?" አለች ሰገነት ከመጋረጃው ጀርባ። "ፖሊስ ሊጠራብን ነው።"

"የሰው ሥጋ መስሎት ይሆናል።"

"ደረሰ፣ አንተ ደግሞ ዝም በል።"

ወጥቼ አናገርኩት። ለካ የግቢው ጠባቂ ነው። ትናንት ቆሻሻ መጣያው ጋ ድብ መጥቷል፤ ሥጋውን አሁኑኑ አስገቡ፣ አለዚያ ግቢውን ትለቃላችሁ አለኝ። ትከሻውን መታ መታ አድርጌ አመሰገንኩና ገባሁ።

"ቋንጣው ይውረድ ብሏል። ድብ ይመጣል" አልኳት።

ሰገነት እጇን አጣጥፋ አየችኝ። "ድብ?"

ጥፋቱ የኔ ነው። ከክሪስታል ጀምሮ ያወራሁት ስለ ድብ ነበር፤ ዱሉዝ ላይ በጥፊ ስለጣልኩት፣ ታክሲዬ ውስጥ ገብቶ ኤርፖርት ውሰደኝ ስላለኝ።

"ዳድ፣ ፕሊስ" አለች ዮሐና፣ ከስልኳ ቀና ሳትል።

"ይውረድ ያለው ወዴት ነው? ወደ ሆድህ?" አለች ሰገነት። "ለፋሲካ ለጎረቤት አድርስ ብዬ የሰጠሁህ ዶሮ ወጥም መንገድ ላይ ነው የጠፋው። ከሰውዬው ጋር ስትሳሳቁ አይቻችኋለሁ።"

"በማርያም እውነቴን ነው።"

"እኛ ገላችንን ልንታጠብ ነው። አርባ ሰባት ዘለላ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።"

ፎጣቸውን ይዘው ወደ መታጠቢያው ሄዱ። እንዳላወርደው ሌባ ልባል ነው። እንዳልተወው ድብ አለ። መጥረጊያ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ።

አሥር ደቂቃ አልሞላም። ከጥዱ ኋላ ወጣ። ሰሜን ዳኮታን ስናቋርጥ ካወራሁት ድብ ያንሳል፤ ካሰብኩት ግን ይበልጣል። መጥረጊያውን ጥዬ ገባሁና በሩን ቆለፍኩ። በመስኮት አየዋለሁ፤ ገመዱን በጥፍሩ ስቦ ዘለላውን አንድ በአንድ እንደ ፓስታ ሳበው። ከዚያ የኛን በር አሸተተ፣ በመዳፉ ቧጨረው፣ ሄደ።

ሰገነት ፀጉሯ እንደራሰ መጣች። ገመዱ መሬት ላይ ነው። ምንም የለም።

"ድብ" አልኳት።

በሩ ላይ ያለውን ጭረት በጣቷ ዳሰሰችው። "በምንድነው የፋቅከው? በሹካ?"

"ሽማግሌውን ጠይቂው።"

"እሱንማ አስጠንተኸዋል።" ጠጋ አለችኝ። "ተንፍስ።"

እውነቱን ልናገር፤ ጠዋት እነሱ ሳይነሡ፣ መድረቁን ለማየት ብዬ አንዲት ዘለላ ቀምሻለሁ። ሁለትም ትሆናለች። እስትንፋሴን ይዤ ትንሽ ቆየሁ፤ ሰው ግን ሳይተነፍስ እስከ ሲያትል አይዘልቅም። ተነፈስኩ።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። አልተቆጣችም። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

"ሮሚዬ፣ ቋንጣውን አትጠብቁ" አለች። "ደረሰ በላው።"