የእሺ ባዩ ቴአትር

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈርተኛው «እሺ ባዩ» ይለዋል። አልተሳሳቱም! ምላጭ የያዘ ሰው ከደንበኛ ጋር አይከራከርም፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ዛሬ ይዘንባል ካለ ይዘንባል፣ አይዘንብም ካለም አይዘንብም። ስንት ዘመን እንዲህ ኖሮ «እምቢ» የምትለዋን ቃል ምላሱ ረስቷታል።

የባህል ጽሕፈት ቤቱ ለሰፈር የኪነ ጥበብ ዝግጅት አነስተኛ ድጋፍ ይሰጣል ሲባል ሮጦ ያመለከተው እሱ ነው። ኪነ ጥበብ አሳስቦት እንዳይመስላችሁ። ያሳሰበችው ታላቅ እህቱ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ድሮ ስትስቅ ጎረቤት ሳይቀር ይሰማ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያ ሳቅ ድምጥማጡ ጠፋ። ከስፌት መኪናዋ ቀና አትልም፣ ከደጅ አትወጣም። «አንዴ ብቻ ብትስቅልኝ!» ይላል ለራሱ፣ ቶንዶሱን ዘይት እየቀባ።

ድጋፉ ተፈቀደ። ለመድረክ ጣውላ፣ ለመጋረጃ ጨርቅና ለወንበር ኪራይ ልክክ አለ። ጨርቁን ተሸክሞ እህቱ ዘንድ ሄደ።

«እትዬ፣ መጋረጃውን አንቺ ስፊልኝ። የንግሥቲቱንም ቦታ ይዤልሻለሁ።»

«መጋረጃውን እሰፋለሁ። ንግሥትነቱን ለፈለገው ስጠው» አለችው፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

«እሺ» አለ። ሌላ ምን ይበል?

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ራስ ሲመለጥስ ያውቃል፣ እንጀራው ነው፤ ያላወቀው የአፉን ነው። ዳቦ ጋጋሪው እየተላጨ «እኔንም ወታደር አድርገኝ» አለው፤ እሺ። ጡረታ የወጡት መምህር «የንጉሡ አማካሪ እኔ ነኝ» አሉ፤ እሺ። ጫማ ሰፊው ከነሚስቱ፣ ዘበኛው ከነልጆቹ፣ ባለሱቋ ከነአማቷ፣ ሁሉም እሺ ተባሉ። ጆሯቸው የከበደው አዛውንት እንኳ ዛፍ ሆኑ።

የዝግጅቱ ዕለት ከጽሕፈት ቤቱ አንዲት ባለሙያ መጣች። የሚያሳስባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ወጥቶ መታደሙ። እህቱም «ያ መጋረጃ ቢተረተርስ?» ብላ መርፌና ክሯን ይዛ መጣች፣ ጥግ ላይ ተቀመጠች። እሱ ከመጋረጃው ኋላ በጠባብ ቀዳዳ እሷን ብቻ ያያል። ዛሬ ካልሳቀች መቼም አትስቅም!

ገመዱን ሳበው። መጋረጃው ተከፈተ።

ክው አለ። ወንበሩ ሁሉ ባዶ! ፊት ለፊት ባለሙያዋ፣ ጥግ ላይ እህቱ፣ ሌላ የሰው ዘር የለም። ለካ ሰፈሩ በሙሉ ዘውድና ጎራዴ ይዞ መድረኩ ላይ ተጠቅጥቋል!

«ሰዉ መቼ ነው የሚመጣው?» ብለው ጮኹ ዛፉ።

«ሰዉማ እኛው ነን እኮ!» አሉ አማካሪው።

ያን ጊዜ የእህቱ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየ። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። «ወይኔ፣ አስለቀስኳት!» አለ በሆዱ። ነጠላው ወረደ። እያለቀሰች አልነበረም፤ ያ የድሮው ሳቅ ነው፣ ሆድ ይዞ የሚያንከባልለው! መርፌዋ ወደቀ፣ ክሯ ተተረተረ፣ እሷ እቴ። ባለሙያዋም አልቻለችም፣ ወንበሯን ይዛ በሳቅ ተንፈቀፈቀች።

«ለመሆኑ ቤቱ የቀረ ሰው አለ?» አለች ዕንባዋን እየጠረገች።

«ኧረ ማንም!» አለ መድረኩ ባንድ አፍ።

«እንግዲያው ሰፈሩ ታድሟል። የከርሞውንም ከአሁኑ አመልክቱ!»

መድረኩ በእልልታ ተናጋ። አማካሪው ካባቸውን አስተካክለው «በል እንጀምር!» አሉት።

ፀጉር አስተካካዩ ገመዱን እንደያዘ እህቱን ያያል፤ ዕንባው በጉንጩ ይወርዳል።

«እምቢ!» አለ እሺ ባዩ። «መጀመሪያ እህቴ ስቃ ትጨርስ።»