ጠርሙስ ላይ የተለጠፈች እናት

የኔሰው ከአዲስ አበባ ሰቆጣ ድረስ የመጣው ጂን ፍለጋ ነበር። ይህንኑ ሲነግራት አረቄ አውጪዋ አገኘሁሽ ጅኒ የሚስብ መስሏት አማተበች። ሳቀና፣ ጂን ማለት በጽድ ፍሬ የሚወጣ የፈረንጅ አረቄ መሆኑን፣ ሌላ ሰው ያልቀመሰውን ጂን እያደኑ አገር ላገር የሚዞሩ ባለጸጎች እንዳሉ፣ እሱም ለእነሱ እየፈለገ የሚያቀርብ ሰው መሆኑን አስረዳት። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ «የእናትዎ አረቄ እኮ ጂን ነው፣ እትዬ» አላት።

አልዋሸም። እናቷ ይታየሽ አረቄ ስታወጣ የደረቀ የጽድ ፍሬና ጦስኝ በስስ ጨርቅ ቋጥራ በእንስራው አንገት ውስጥ ታንጠለጥል ነበር። ፍሬው አይቀቀልም፤ እንፋሎቱ ብቻ ዳስሶት ያልፋል። ከሰቆጣ እስከ አምደወርቅ አረቄ የምታወጣ ሴት ሞልታለች፤ ይህን የምታውቅ ግን ይታየሽ ብቻ ነበረች። ከእሷም ለአንድያ ልጇ ለአገኘሁሽ ተላለፈ። ይታየሽ የሞተችው በጦርነቱ ጊዜ፣ መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት በጠፋበት ዓመት ነው።

የኔሰው የጎረቤቷ የእትዬ ታይቱ ልጅ ነውና አገኘሁሽ አልጠረጠረችውም። ስምንት ቀን እቤቷ ዋለ። ዶሮ ታርዶለት በላ፣ አረቄው ሲወጣ በስልኩ ቀረጸ፣ እጁን ግን አመድ አላስነካም። ሊሄድ ሲል ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የይታየሽን ፎቶግራፍ ለመናት። አሳድጌ፣ በመስተዋት አስገብቼ እልክልዎታለሁ አላት። ይታየሽ በዕድሜዋ የተነሣችው እሱን ብቻ ነበር። አገኘሁሽ አወረደችና በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠርጋ ሰጠችው።

ፎቶግራፉ አልመጣም። ስትደውልለት ማተሚያ ቤት ውስጥ ጠፋብኝ አላት፤ ቆይቶም ስልኳን ማንሣት ተወ።

በዓመቱ የጤና ጣቢያዋ ነርስ እስከዳር ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዳ ስትመለስ አንድ ባዶ ጠርሙስ ይዛላት መጣች። ጠርሙሱ ላይ ይታየሽ አለች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ። ከሥሯ ጽሑፍ ነበረ። አገኘሁሽ ፊደል አልቆጠረችምና እስከዳር አነበበችላት፦ «የአያቴ የወለተ ገብርኤል የምስጢር ጂን»። አገኘሁሽ ሦስት ጊዜ አስነበበቻት።

ጠርሙሱን ይዛ ታይቱ ዘንድ ሄደች። ታይቱ የይታየሽ የልብ ወዳጅ ነበሩ፤ ሬሳዋን የገነዙትም እሳቸው ናቸው። ልጅ እኮ ነው፣ እንጀራውን ፍለጋ ነው፣ ፎቶዋ ቢለጠፍ ሟች ምን ትሆናለች ብለው አባበሏት። እሳቸውም ማንበብ አያውቁም። የተጻፈውን አገኘሁሽ ልትነግራቸው አፏን ከፈተችና ተወችው። ይህ ለሌላ ቀን ይቆይ አለች በልቧ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጌሾ ስትወቅጥ ሙቀጫው ውስጥ የምታየው የኔሰውን ነበር።

ሁለት ዓመት ጠበቀች። በሦስተኛው እሱ ራሱ ደወለ። ጋሽ ደግሰው የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቀላሉ የማይገኝ ጂን ሲያሳድዱ የኖሩ ሽማግሌ አሉ አላት። እሳቸው ጥሩ ያሉትን ትልልቁ ሆቴል ሁሉ ተሻምቶ ይገዛል። አሁን ጂኑ የተወለደበትን የአያትህን ቤት ካላየሁ ብለዋልና እትዬ ቤትዎን ለአንድ ቀን ቢያውሱኝ አላት። ስለ ፎቶግራፉ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

«ይምጡ፤ ቤቱ ቤትህ ነው» አለችው።

ድፍድፉን በዚያው ሳምንት ጣለች። የጽዱን ፍሬ አንድ በአንድ አሽትታ መረጠች። ጎረቤቱን ሁሉ ለቅዳሜ ጠራች፤ ለታይቱ ደግሞ ፊት ለፊት ያለውን መደብ አነጠፈችላቸው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሽማግሌውና የኔሰው በሽማግሌው መኪና ደረሱ። ጋሽ ደግሰው በከዘራ የሚሄዱ፣ ትንሽ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። የኔሰው ዐሥራ ሁለት ጠርሙስ ከካርቶን አውጥቶ ምንጣፉ ላይ ደረደረ፤ ልጅ ሳለ አያቱ እንዴት በጭኗ አስቀምጣ የጽድ ፍሬ እንዳስለቀመችው ያወራ ጀመር። ታይቱ በአክብሮት አያቴ የሚላት ይታየሽን መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አገኘሁሽ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን የተጣዱትን ሁለት እንስራዎች አሳየችው።

«እንግዳህ ከሩቅ ነው የመጡት። የአያትህን እጅ አሳያቸው እንጂ» አለችው።

የኔሰው ስቆ የሴት ሥራ ነው ብሎ ሊያልፈው ሞከረ። ጋሽ ደግሰው ግን እኔም የመጣሁት ይህን ለማየት ነው ብለው በርጩማቸውን አስጠጉ። መሸሻ አጣ። ጂኑን አዲስ አበባ የሚሞሉለት የፋብሪካ አልኮል ላይ የጽድ ዘይት ጠብ እያደረጉ ነበርና እሱ በስልኩ ከመቅረጽ በቀር የሚያውቀው የለም። ፍሬውን እንዳለ እንስራው ውስጥ ዘረገፈው። እንፋሎቱን የሚያሳልፈው መቃ የገባበትን የእንስራ አፍ በቅጡ ሳይደፍን እሳቱን አነደደ። እንፋሎቱ በስንጥቁ እየወጣ ሴቶቹን አሳላቸው። በመጨረሻ ጠብ ያለው ድፍርስና የማረር ጠረን ያለው ነበር። ጋሽ ደግሰው ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ሳይቀምሱ አስቀመጡት።

በዚህ መካከል የአገኘሁሽ ጠብታ ከወዲያኛው መቃ በጸጥታ ይንጠባጠብ ነበር። በመለኪያ ቀድታ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ቀመሱ፤ ደግመው ቀመሱ።

«ይህን ማን አስተማረዎት?»

«እናቴ ይታየሽ። ጠርሙሱ ላይ ያለችው እሷ ናት።» ወደ የኔሰው ዞረች። «እናቴ የወለደችው እኔን ብቻ ነው። እኔም አልወለድሁም። የልጅ ልጅ ከየት አመጣች?»

የኔሰው የንግድ ነገር ነው፣ ማስታወቂያ እንዲህ ነው የሚሠራው ብሎ ተንተባተበ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ አገር ሁሉ እሰይ ባላት። አገኘሁሽ ግን አልበቃትም።

«እትዬ ታይቱ፣ ወለተ ገብርኤል ማን ናቸው?»

አሮጊቷ ግራ ገባቸው። «እናቴ ናታ። ምን አመጣት እዚህ?»

«አረቄ ያወጡ ነበር?»

«ቆብ የደፋች መነኩሴ! ጠላ እንኳ ሳትቀምስ ነው የሞተችው።»

አገኘሁሽ ለእስከዳር ምልክት ሰጠቻት። እስከዳር ጽሑፉን አነበበችው። ታይቱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። አገኘሁሽ ትከሻቸው ሲናጥ አየች፣ ደስም አላት፤ ልጅ ነው ብለው ያባበሏት እኚሁ ነበሩ።

ከዚያ ሙቅ ውኃ በሳፋ፣ ቢላዋ ከነሞረዱ አመጣችና የኔሰው ፊት አኖረች። ጠርሙሶቹን ልጣቸው አለችው። እምቢ ሊል ወደ እናቱ ዞረ። ታይቱ ከነጠላቸው ሥር፣ «ልጠው» አሉ፤ ሌላ አልተናገሩም። ተንበርክኮ ዐሥራ ሁለቱን ጠርሙስ ፋቀ። ወረቀቱ ርሶ እየተቀደደ የይታየሽ ዓይን ለብቻ፣ አገጯ ለብቻ ውኃው ላይ ተንሳፈፈ። አገኘሁሽ ይህን አላሰበችውም ነበር። ግን አላስቆመችውም።

ጋሽ ደግሰው ሲነሡ ከአረቄዋ አንድ ጠርሙስ እንድትሸጥላቸው ለመኗት። እንግዳ ነዎት፣ እዚሁ የፈለጉትን ይጠጡ፣ የሚሸጥ ግን የለም አለቻቸው። እንደገና ለመኑ። የኔሰው ይህን ልመና በጆሮው እንዲሰማ ጊዜ ወስዳ እምቢ አለች። ሽማግሌው መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ የኔሰው በሩን ሊከፍት ሲል ቦታ የለም አሉት። በማግስቱ በወልድያ አውቶቡስ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ያ ጂን ከየሆቴሉ መደርደሪያ መውረዱን እስከዳር ነገረቻት።

በዐቢይ ጾም የነፍስ አባቷ አባ ገብረ ጻድቅ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ለዕርቅ መጡ። የኔሰው እግሯ ላይ ወድቆ ይቅርታ ሊጠይቅ ፈቅዷል አሏት። ፎቶግራፉን ይዞ ይምጣ አለች። ፎቶግራፉ በእውነት ጠፍቷል አሉ። እንግዲያው አይታረቅም አለች።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፣ ልጄ» አሏት አባ።

«አውቃለሁ አባ። እስከዚያ ጸሎቱን እርስዎ ይጸልዩልኝ።»

ታይቱ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ደጇን አልረገጡም። ውኃ ቦኖ ሲገናኙ ጄሪካናቸውን ሳይሞሉ ይመለሳሉ። አገኘሁሽ እናቷ ልጃገረድ ሳለች ምን ትመስል እንደነበር መጠየቅ የምትችለው እሳቸውን ብቻ እንደሆነ የገባት ዘግይቶ ነው። ስለ የኔሰው ግን አልተጸጸተችም፤ ነገም ቢመጣ ውኃውን ታሞቃለች።

ለፋሲካ ዶሮ ወጥ በሳህን ከድና ለታይቱ ላከች። ሳህኑ ሳይነካ ተመለሰ። አገኘሁሽ በሩ ላይ ተቀበለችው፤ ክዳኑን ገልጣ አየችና፣ የታይቱን ቤት እያየች እዚያው ቆማ ብቻዋን በላችው።