አምስት ሳንቲ ሜትር

በመስከረም በጎቻችንን ከተራራ ስናወርድ አለቃችን አርንግሪሙር ነው። ማን በፈረስ እንደሚሄድ፣ ማን ስንቅ እንደሚጭን የሚወስነው እሱ ነው። ስንቁን ወደ ተራራው ጎጆ ሲያደርስ የኖረው ግን አባቴ ነበር። ዘንድሮ ጉልበቱ እምቢ ሲለው፣ እኔ አደርሳለሁ አልኩ።

አርንግሪሙር ትንሿን ጂፔን ዞሮ አያት።

«በዚች ቁንጫ? ወንዝ ውስጥ ሳያት ዳክዬ መስላኝ እተኩስባታለሁ! ስቴይንቮር፣ የስንቁን ሳጥኖች እኔ መኪና ላይ ጫኚና አጠገቤ ቁጭ በይ።»

«አጠገብህ አልቀመጥም።»

«ምን አደረግኩሽ?»

«ወሬ አትጨርስም።»

ቅዳሜ በበጎቹ ማደሪያ ውስጥ መኪናዋን በክሪክ አንስቼ መደገፊያ ላይ አሳረፍኳት። አሮጌዎቹን ሞላዎች አውጥቼ አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርጉትን አስገባሁ። ንጥቀቱን የሚያበርዱትን አሞርዛተሮችም በረጃጅሞች ቀየርኩ። የፍሬን ቱቦዎቹ እንዳይወጠሩ ጎማዎቹን ወደ ታች ስቤ አየሁ፤ የፊተኞቹ ተወጠሩ፣ እነሱንም ለወጥኩ።

አርንግሪሙር በሩ ላይ ብቅ ብሎ አንዱን ብሎን በጣቱ አዞረው።

«ይሄ እኮ ልል ነው! ተራራ ላይ ልትበታተኚብን ነው እንዴ?» ብሎ ቁልፍ አነሳ።

«አስቀምጠው።»

«ላግዝሽ ብዬ ነው፣ አትቆጪ።»

«አሁን ካጠበቅከው ብሎኑን የከበበው የላስቲክ ጎሚኒ በተንጠለጠለበት ቅርጽ ይያዛል። መኪናዋ መሬት ስትነካ ይጠመዘዛል፤ ቆይቶም ይቀደዳል። ክብደቷ ጎማዋ ላይ ሲያርፍ ነው የማጠብቀው።»

«እኔ የራሴን አየር ላይ እንዳለ ነው ያጠበቅኩት።»

«ለዚያ ነው እንደ አሮጌ አልጋ የሚንቋቋው።»

ቁልፉን አስቀመጠ፤ ቀልዱንም ተወ። «ሰኞ አትሻገሪም፤ ሳጥኖቹን ከወንዙ ዳር እቀበልሻለሁ» ብሎኝ ሄደ። መኪናዋን አወረድኩ፣ ወደፊትና ወደኋላ ገፋ ገፋ አደረግኳት፣ ከዚያ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቅኩ።

ሰኞ ወደ ጎጆው ስንሄድ የምንሻገረው ወንዝ በዝናብ ደፍርሶ ነበር። ዱላዬ ላይ የመኪናዋን በር የታች ጠርዝ ከፍታ በቢላ ምልክት አድርጌበት ነበርና፣ ገመድ ወገቤ ላይ አስሬ መሻገሪያው ውስጥ ገባሁ። ውሃው ምልክቱን በአንድ ስንዝር አለፈው።

«አየሽ?» አለ አርንግሪሙር። «ሳጥኖቹን አምጪ።»

«ከላይ፣ ወንዙ ሦስት ቦታ በሚከፈልበት ልሞክር ነው።»

«እዚያ አሸዋው ይውጥሻል! እኔ አንድ ዓመት እዚያ ገብቼ በትራክተር ነው የወጣሁት።»

«ያንተ መኪና የኔን ሁለት እጥፍ ይከብዳል።»

ገመዱን ለፈረሰኞቹ አስይዤ ሦስቱንም ቅርንጫፎች በእግሬ አቋርጬ ለካሁ። አሸዋው ከቁርጭምጭሚቴ በላይ አልዋጠኝም፤ ውሃው ከምልክቱ ሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ያለ አዲሶቹ ሞላዎች በበሩ ሥር መኪናዋ ውስጥ ይገባ ነበር። ተመልሼ መኪናዋን በአንደኛ ማርሽ ነዳሁ። በመጨረሻው ቅርንጫፍ ውሃው ጭራዋን ወደ ጎን ገፋት። መሪውን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሬ ያዝኩ፤ ከነዳጅ መስጫው ላይ እግሬን አላነሳሁም። ጠጠሩ ሲያንሸራትት ቆይቶ ጎማዎቹን ያዘ።

ማዶ ስወጣ መኪናዋ ውስጥ ያለው የመገናኛ ሬዲዮ ጮኸ፤ አርንግሪሙር ነበር።

«ተመለሺ! እኔ ሳልፈቅድ ማንም አይሻገርም!»

«ተሻግሬያለሁ እኮ።»

«ስቴይንቮር፣ እዚህ አለቃው ማነው?»

«የበጎቹ አንተ። የስንቁ እኔ። ከሰዓት በኋላ የበግ ሾርባ አለ፤ የራበው በፈለገበት ይሻገር።»

ከሬዲዮው የፈረሰኞቹ ሳቅ ተሰማ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ የጎጆውን ዳገት ያዝኩ።