በር ላይ የቀረው ጫማ

ቢ ዙሁራ ከሞምባሳ ወደ ላሙ ስትመለስ አዲሱ ጫማ እግሯን ልጧት ነበር። ለማማር ብላ ነው እንጂ የሚመቻትስ የሟቹ ባሏ የፋማው ያረጀ ነጠላ ጫማ ነው። ሌላ ልብሱን ሁሉ ለድሃ ሰጥታ እሱን ለራሷ አስቀርታው ነበር። ወደ ሞምባሳ ስትሄድ ደጃፉ ላይ ትታው ነበር።

ድመቷን አደራ የተቀበለችው ጎረቤቷ ምዋናጁማ ቁልፉን ስትመልስ እየሳቀች ነበር።

«አንቺ፣ ባል ሲገባ አይነገርም? ለድመትሽ ዓሣ ይዤ ስመጣ ሁሌ የወንድ ጫማ ደጅ ላይ አለ። ‹ሆዲ! ቤቶች!› ብዬ እጣራለሁ፣ የሚመልስ የለም። ወንድ ካለበት ቤት ግቢ ሳልባል ልግባ? ሁሌ ከነዓሣዬ ተመለስኩ።»

«ድመቴን በረሃብ ጨረስሻታ።»

ቢ ዙሁራ እየተራገመች በሩን ከፈተች። ድመቷ ፋማው መጽሐፍ ያነብበት በነበረው ወንበር ላይ ወፍራ ተኝታለች። ከወንበሩ ሥር፣ እሱ ሁልጊዜ ያደርግላት እንደነበረው፣ ትኩስ የዓሣ ጭንቅላት ተቀምጧል።

ቀስ ብላ ወደ ኋላ አፈግፍጋ ወጣች። አዲሱን ጫማዋን አውልቃ ከእሱ ጫማ ጎን አኖረችው። ከዚያ በገዛ ቤቷ ደጅ ቆማ «ሆዲ» አለችና መልስ ትጠብቅ ጀመር።