የድመቷ ዓይን የሚጠለፍበት ጠዋት

ሩዪ ያን ዕለት ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ አሸዋ የበተኑባት ነው የመሰላት። ጥፋቱ ደግሞ የማንም አይደለም፣ የራሷ ነው። አክስቷ ፔይዤን ማታ እራት ላይ «ከነገ ጀምሮ የድመቷን ዓይን በሐር የምትጠልፊው አንቺ ነሽ፣ በጊዜ ተኚ» ብለዋት ነበር። እሷ ግን ደስታው እንቅልፍ ሲከለክላት፣ እስኪወስደኝ አንድ ክፍል ብቻ ልይ ብላ ስልኳ ላይ ድራማ ከፈተች። አንዱ ክፍል አስራ አንድ ሆነ። የድራማው ልጅ ልዑሉን አግብታ ስታበቃ ዶሮ ጮኸ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ሣር ስትጠልፍ፣ ቅጠል ስትጠልፍ፣ ቢበዛ ጅራት ስትጠልፍ ነው የከረመችው። እዚያ ሐይቅ ዳር ባለው መንደራቸው ዓይን የሚሰጠው እጁ ለበሰለ ሰው ነው። ጅራት ቢበላሽ ማን ልብ ይለዋል? ዓይኑ የሞተ ድመት ግን ድመት አይደለም፣ ትራስ ነው። ዓይን ደግሞ በመብራት አይጠለፍም፣ መብራት ቀለም ያሳስታል። አንድ ጠዋት ለግራው፣ አንድ ጠዋት ለቀኙ፣ አለቀ። ጥልፉ የሚቀርብበት ኤግዚቢሽን ከነገ ወዲያ ነው።

ጎኗ የምትጠልፈው ዳንሊ ገና ስታያት ሳቀች። «ምነው፣ ስትነፋረቂ ነው ያደርሽው?»

«ዝም በይ፣ አክስቴ ይሰማሉ።»

«እሳቸው ምን መስማት ያስፈልጋቸዋል? ዓይንሽ ቀልቶ የተቀቀለ ሽሪምፕ መስሏል።»

ሩዪ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገችው፣ ባሰበት። አክስቷ መጥተው አንድ የሐር ክር ሰጧት። ዓይን የሚጠልፍ ሰው መጀመሪያ ክሩን ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት፣ ከዚያ ለአስራ ስድስት ሰንጥቆ ማሳየት አለበት። ለሁለት እሺ። አራት ላይ ስድስት ሆኖ ታያት። ስምንት ላይ ክሩ ተበጠሰ።

«የአበባ ብናኝ ገብቶብኝ ነው» አለች።

«በዚህ ብርድ?» አለች ዳንሊ ከወዲያ።

አክስቷ አልተቆጡም። «እጅሽን ከዓይንሽ ላይ አንሺ» ብቻ አሏትና የደረቀ ነጭ አበባ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው አመጡ። ዓይኗን ጨፍና፣ ራቅ ብላ፣ እንፋሎቱን በፊቷ እንድትቀበል አደረጓት። ሲበርድ አስጠጧት። ከዚያ ግቢ ውስጥ ያለው የሸክላ ገንዳ ዘንድ ወሰዷት፤ ቀይ ዓሦች አሉበት።

«ጅራታቸው ላይ ያሉትን መስመሮች ቁጠሪ። ሲደክምሽ ኮረብታውን እዪ፣ ደግሞ ተመለሺ። ዓይንሽን አርገብግቢ እንጂ፣ አንቺም እንደነሱ አታፍጥጪ።»

ሩዪና ዳንሊ፣ አክስትየዋ በየሩብ ሰዓቱ ተነስተው ወደዚህ ገንዳ ሲመጡ «ዘመድ ጥየቃ ሄዱ» እያሉ ይሳሳቁባቸው ነበር። ለካ ሴትዮዋ ዓይናቸውን እያሳረፉ ነው። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው፣ መነጽር የላቸውም። አፈረች።

ዓይኗ ትንሽ ረጠበ፣ ማቃጠሉ ተወት አደረጋት። ብዥታው ግን ጨርሶ አለቀቃትም። የጠዋቱ ብርሃን ደግሞ እያለፈ ነው።

«ስንት መስመር አለው?» አሏት አክስቷ።

አስራ ሁለት ብትል ማን ሄዶ ይቆጥርባታል? አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በዚህ ዓይኗ የድመቷን ዓይን ስትወጋው ታያት፣ ያውም ጥልፉ ከፊትም ከኋላም የሚታይ ነው።

«አልለየውም፣ አክስቴ። ይደባለቅብኛል። ብናኝም አይደለም፣ ድራማ ሳይ ነው ያነጋሁት።»

አክስቷ ወደ ዓሦቹ ጎንበስ አሉ። «ተጋቡ?» አሏት።

«ተጋቡ።»

«እንግዲያው ግራውን እኔ እጠልፋለሁ፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ እዪ። ቀኙ ነገ ክርሽን አይቼ ነው።»

አየች። ክሩን ሲሰነጥቁት አያዩትም፤ ፊታቸው ወደ መስኮቱ ነው፣ የሚሠሩት ጣቶቻቸው ናቸው። አስር ጊዜ ወግተው ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ፣ ደግሞ አስር። ምንም አይቸኩሉም፣ ግን ከቀትር በፊት ድመቷ ባንድ ዓይኗ ሩዪን ታያት ጀመር። ሰው እንዲህም ይሆናል እንዴ አለች በሆዷ።

ያን ቀን ገና ሳይመሽ ተኛች። ዳንሊ «አመመሽ?» ስትላት ብርድ ልብሱን ፊቷ ላይ ሳበችው።

በማግስቱ ጠዋት ክሩን ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት፣ ለአስራ ስድስት ሰነጠቀችው። አንዱን ዘለላ አነሳችና ሰጠቻቸው። አክስቷ ወደ መስኮቱ ያዙት፣ ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት፣ ከዚያ በሁለት ጣታቸው ዳበሱት።

«ጣቴ ላይ አለ» አሉ ቀስ ብለው። «በዓይኔ ግን አላገኘሁትም፤ ትናንትም ያመንኩት ጣቴን ነው። አንቺ ታይዋለሽ?»

«አየዋለሁ፣ አክስቴ።»

«እንግዲያው ቁጭ በይ» አሏትና የራሳቸውን ወንበር ለቀቁላት።