ከቁጥሩ በኋላ ዝም ማለት

ሞሪን ታቫረስ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ስታወራ ኖራለች። ሳን ሆዜ ውስጥ ማስታወቂያ የማይሸጥ፣ በአድማጮቹ መዋጮና በመንግሥት ድጎማ የሚኖር አንድ የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያ አለ፤ የጠዋቱ ፕሮግራም የእሷ ነበር። ሰው ቁርሱን የሚበላው፣ ልጁን ለትምህርት ቤት የሚያለባብሰው፣ መንገድ ተዘግቶበት መኪናው ውስጥ የሚበሳጨው እሷን እየሰማ ነበር። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ማይክሮፎኑን በገዛ ፈቃዷ ለወጣቶች ለቀቀች። አራት ወር ቤቷ ተቀምጣ አበባ ስታጠጣ ከርማ ሲሰለቻት፣ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ድዋይት ኦከርሉንድ ደወለላት።

"የመንግሥት ድጎማው ቀርቷል። በሃያና በሠላሳ ዶላር መዋጮ ብቻ አንዘልቅም" አላት። "እዚህ ሸለቆ ውስጥ በቴክኖሎጂ የከበረው ሰው ቁጥር ስፍር የለውም። ሁሉም ደግሞ ድምፅሽን ያውቃል። ሂጂና ጠይቂልኝ።"

"እኔ? እኔ እኮ ከጎረቤት መሰላል መዋስ የማፍር ሰው ነኝ።"

"ዓይንሽን በጨው ታጠቢያለሻ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው። ስለ ጣቢያው ታስረጃለሽ፣ የገንዘቡን ቁጥር ትጠሪያለሽ፣ ከዚያ አፍሽን ትዘጊያለሽ። ቀድሞ የተናገረ ተሸነፈ።"

ለሞሪን ይህ ሕግ ከልመናው የባሰ ነበር። ሬዲዮ ላይ ዝምታ ነውር ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ስምንት ሰከንድ ያህል ድምፅ ከጠፋ ቀይ መብራት ይበራል፣ ቴክኒሻኑም እየሮጠ ይመጣል። በእሷ ተራ ያ መብራት በርቶ አያውቅም።

መጀመሪያ የሄደችው በስልክ መንገድ የሚያሳይ የካርታ መተግበሪያ ሠርቶ ከሸጠ አንድ ወጣት ዘንድ ነው። ሁለት ሚሊዮን ዶላር ብላ ጠየቀችው። ልጁ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። ሞሪን በልቧ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጠረችና አራት ሳትደርስ አቃታት። "ወይም አንድ ሚሊዮን" አለች። "ግማሹም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። ካልተመቸህ ደግሞ ችግር የለም፣ የጣቢያችን ዓርማ ያለበት ኩባያ አለን፣ ስልሳ ዶላር።"

ልጁ አራት ኩባያ ገዛ። ድዋይት ይህን ሲሰማ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ቆየ። ቀና ሲል በሳቅ ብዛት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሁለተኛዋ ቫሳንቲ ጋድሬ ናት። ስልክ ውስጥ የሬዲዮ ሞገድ የሚቀበሉትን ጥቃቅን ቺፖች የሚሠራ ኩባንያ መሥርታ፣ ሠላሳ ዓመት መርታ፣ በብዙ ገንዘብ ሸጣዋለች። ዛሬም ድረስ የምትኖረው ሀብት ሳይመጣ በገዛችው፣ ሰኒቬል ከተማ ባለ ጠባብ ቤት ነው። በንግግር ቁጥብነቷ የታወቀ ነው፤ መሐንዲሶቿ ቢሮዋ ከመግባታቸው በፊት የሚሉትን ቤታቸው ይለማመዱ ነበር ይባላል።

ሞሪን በአንድ የሐምሌ ቅዳሜ ጠዋት ደረሰች። ጓሮው ውስጥ ሁለት የአፕሪኮት ዛፎች ፍሬያቸው ከብዷቸው ጎብጠዋል። ሰባ ዓመት የሞላት ቫሳንቲ ሽርጥና ቢላዋ አቀበለቻት።

"እጄን አጣጥፌ ማውራት አልወድም። ለሁለት እየከፈልሽ ዘሩን አውጪለትና ትሪው ላይ ደርድሪው፤ ፀሐይ ያደርቀዋል።"

ሞሪን እየከፈለች አስረዳች። ጋዜጦቻቸው በተዘጉባቸው ትናንሽ ከተሞች አራት ዘጋቢዎች ለመቅጠር ታስቧል፤ የከተማ ምክር ቤቱን ስብሰባ፣ የውሃ ቦርዱን፣ የትምህርት ቤቱን በጀት ተቀምጦ የሚከታተል ሰው የለም አለች። ከዚያ "ሦስት ሚሊዮን ዶላር እንዲሰጡን ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት" አለችና ዝም አለች።

ቫሳንቲም ዝም አለች። አንድ አፕሪኮት ከፈለች። ሌላም ከፈለች።

አሥር ሰከንድ አለፈ፤ ሞሪን ቴክኒሻኑ አጥሩን ዘሎ የሚመጣ መሰላት። አንድ ደቂቃ ሲሆን "ወይም" የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰች። ቶሎ ብላ አንድ ሙሉ አፕሪኮት አፏ ውስጥ ከተተች። ሁለተኛም ጨመረች፤ ስትውጥ ሌላ ትተካለች። ቫሳንቲ የሞላውን ትሪ አንስታ ፀሐይ ላይ አኖረችና ባዶ ትሪ ይዛ ተመለሰች፤ አሁንም ትንፍሽ የለም። ሩብ ሰዓት አለፈ። ጎረቤት ቤት ሰው ሳህን ያጥባል። ከወደ ባቡር ጣቢያው ፊሽካ ተሰማ። ሞሪን ይህን ሁሉ ስትሰማ ትከሻዋ ረገብ አለ። ተቀምጦ መስማትም ለካ ደስ ይላል።

የቫሳንቲ ባል ማዳቭ በወተት የፈላ ሻይ ይዞ ብቅ አለ። አንዷን አየ፣ ሌላዋን አየ።

"ምነው፣ ተጣላችሁ?"

የመለሰለት የለም።

"ሰው ሞተ እንዴ?" ሻዩን አስቀመጠ። "ቫሳንቲ፣ ይህቺ እኮ የሬዲዮዋ ሞሪን ናት። እሷን ዝም ያሰኘሻት ምን ብለሻት ነው?"

የቫሳንቲ ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ትከሻዋ፤ ከዚያ ቢላዋውን ጥላ ሳቀች። ሞሪንም አፏ እንደሞላ ሳቋ አመለጣት፤ የአፕሪኮቱ ጭማቂ በአገጯ ወረደ።

"በቃ፣ እኔ ተሸነፍኩ" አለች ቫሳንቲ ዓይኗን እየጠረገች። "ሠላሳ ዓመት ከገዢዎች ጋር ስደራደር ኖሬያለሁ። ቁጥር የጠራን ሰው ዝም ካልሽው ራሱ ይቀንሳል።"

"ለእኔም እንደዚያው ነው የነገሩኝ። ባለፈው ጊዜ እስከ ኩባያ ድረስ ቀንሻለሁ።" ሞሪን የወጣቱን ነገር ስታወራላቸው ማዳቭ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ በሳቅ ተንፈቀፈቀ።

"ኩባያው አሁንም ይገኛል?" አላት።

ሞሪን ግን ሳቁ ሳይበርድ የሚከብደውን መናገር እንዳለባት አወቀች። "አንድ ነገር ልንገርዎ። ገንዘቡን ቢሰጡንም በዜናው ላይ ሥልጣን አይኖርዎትም። ዜናው ስለ እርስዎ ቢሆንም እንኳ።"

ቫሳንቲ ቢላዋውን መልሳ አነሳች። "ከሦስት ዓመት በፊት የድሮው ፋብሪካዬ የከርሰ ምድሩን ውሃ በክሏል ብላችሁ ስሜን ሁለት ጊዜ ጠራችሁ።"

"አራት ጊዜ ነው" አለች ሞሪን። "ያነበብኩት እኔ ነኝ።"

"ሁለት ቀን ሬዲዮውን ዘጋሁት። በሦስተኛው ቀን ደውዬ አጣራሁ፤ እውነት ሆኖ ተገኘ። አሁን ውሃው እየጸዳ ነው። እናንተ ባትናገሩ እኔም ሳላውቅ እሞት ነበር። ሥልጣኑን አልፈልገውም።" ትንሽ አሰበችና፣ "ቅሬታ ግን አለኝ" አለች።

"ይንገሩኝ።"

"በየሳምንቱ እህቴን ለማየት በጊልሮይ አድርጌ ወደ ዋትሰንቪል እነዳለሁ። ኮረብታው ላይ አንድ ጠመዝማዛ አለ፤ እዚያ ስደርስ ሬዲዮው ጥፍት ይላል። አንቺ ከሰው ጋር ወግ ይዘሽ ከሆነ ከጠመዝማዛው በፊት ዳር ይዤ እቆምና እስክትጨርሺ እጠብቅ ነበር። መኪናዬ የተበላሸ መስሏቸው ስንቶች ሊረዱኝ ቆመዋል።"

ሞሪን ያን ሁሉ ዓመት በሩ በተዘጋ ስቱዲዮ ውስጥ ስታወራ፣ አንዲት ሴት መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቃት ነበር። ፊቷን ዞር አድርጋ በሽርጡ ጠረገችው።

"ቅድም ዝም ስል እሱን ነበር የማሰላው" አለች ቫሳንቲ። "ኮረብታው ላይ ሞገዱን ተቀብሎ መልሶ የሚረጭ ትንሽ ማሠራጫ ቢተከል ያ ሁሉ ገጠር ይሰማል። አራት መቶ ሺህ ይበቃዋል። ስለዚህ ሦስት ሚሊዮን ከአራት መቶ ሺህ። ዘጋቢዎቹን እናንተ ምረጡ። አንቴናውን ግን እኔ እመርጣለሁ።"

ስጦታውን የሚያረጋግጠው ደብዳቤ በሳምንቱ ደረሰ። ዘጋቢዎቹ በመስከረም ሥራ ጀመሩ፤ ማሠራጫው ግን ፈቃዱ ተጓትቶ አሥራ አራት ወር ፈጀ። የሚተከልበት ቀን ቫሳንቲ ቢጫ የራስ ቁር አጥልቃ ኮረብታው ላይ ተገኘች። አንቴናው አራት ዲግሪ ወደ ግራ ካልዞረ በማለት ከተካዮቹ አለቃ ጋር ተያያዘች። አለቃው ሬይመንዶ ይባላል፤ ዘለግ ያለ፣ ላብ ያጠመቀው ሰው ነው።

"እናት፣ እኔ ይህን ሥራ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ" ይላታል።

"እኔ ደግሞ አርባ።"

ሞሪን መሐላቸው ቆማ ሁለቱንም ታባብላለች። በመጨረሻ ሬይመንዶ ተሰላችቶ ባለችው ልክ አዞረው። የመለኪያው ቁጥር ወዲያው ከፍ አለ። ሰውየው መለኪያውን መታ መታ አደረገና ደግሞ አየው።

"እሺ፣ ከእኔ ጋር መሥራት ይፈልጋሉ?" አላት።

"ደመወዙ ስንት ነው?" አለች ቫሳንቲ።

ሬይመንዶ ነገራት። እሷም ከፍ አድርግ አለችው። ሞሪን ክርክሩን ለእነሱ ትታ፣ ምሳውን ከመኪናው እያወረደ ያለውን ማዳቭን ልታግዘው ሄደች።