ለሌላ ደስታ የተገዛ አደንጓሬ

ኮቶኔ የሱቁን መደርደሪያ ቀና ብላ አታየውም። ትንሽ ራቅ ብላ የጥርስ ሳሙና የምትመርጥ መስላ ቆማለች፤ ዓይኗ ግን እየተሰረቀ ወደ ሚሆኮ እጅ ይሄዳል። ሚሆኮ አንዱን እሽግ አንስታ ጀርባውን ታነባለች፤ ትመልስና ሌላውን ታነሳለች። የቀን ሞዴስ አለ፤ የሌሊት አለ፤ ክንፍ ያለው፣ ክንፍ የሌለው፣ ሽቶ የተነካ አለ። ወደ ውስጥ የሚገባው ታምፖን አለ። ከታች ጥጉ ላይ ከስስ ጎማ የተሠራ የደም መያዣ ጽዋ በካርቶኑ ተቀምጧል፤ ያረፈበት አቧራ እንደሚመሰክረው በዚህች ትንሽ ከተማ እስካሁን የደፈረችው ሴት የለችም። ሁሉም ላይ አበባና ደመና ተሥሏል። በየወሩ ወገብ ለሚቆርጥ ነገር ይሄ ሁሉ ደመና ለምን እንዳስፈለገ ሚሆኮ ገብቷት አያውቅም።

«እትዬ፣ ቶሎ በያ!» አለች ኮቶኔ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«ለመረብ ኳሱ ታምፖን ይሻልሽ ይሆን?»

«ሞቼ እገኛለሁ!»

ሚሆኮ ሳቋን ዋጠችው። የኮቶኔን አባት ቶሞካዙን አግብታ ወደ ቤታቸው የገባች ጊዜ ኮቶኔ እናቷን ከቀበረች ብዙ አልቆየችም ነበር። ልጅቷ ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ጨዋ ናት። ግን «እትዬ» ብላ እንደጠራቻት ቀረች፤ ልክ እንደ ጎረቤት፣ ልክ እንደ መሥሪያ ቤት ሰው። ይህ «እትዬ» የሚሉት ነገር ስንት ዓመት ሙሉ በሚሆኮ ጉሮሮ እንደ ዓሣ አጥንት ቆሞ ኖሯል። ዛሬ ጠዋት ግን፣ ሌላው ሰው ገና ሳይነሳ፣ ኮቶኔ የሌሊት ልብሷን ጫፍ በጡጫዋ ጨብጣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመችና «መጣብኝ» አለቻት። ለሌላ ለማንም አልነገረችም። ሚሆኮ መሳቢያዋ ውስጥ የቀረችውን የመጨረሻዋን ሞዴስ ሰጥታት፣ እንዴት እንደምትለጠፍ አሳይታት፣ ልጅቷ ስትወጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። የደስታ ነበር።

አደራው ግን ወዲያው ተከተለ። «ለአባዬ እንዳትነግሪ። ለአያቴማ ከነገርሽ አለቀልኝ። ቀይ ሩዟን ነው የምትቀቅለው!»

ነገሩ የታወቀ ነው። በአያቷ በእማማ ፉሚዮ ዘመን ልጃገረድ አበባዋን ስታይ ሩዝ ከደቃቅ ቀይ አደንጓሬ ጋር ተቀቅሎ፣ ሰሊጥና ጨው ተነስንሶበት ለቤተሰቡ ይቀርባል። ማንም ምክንያቱን አይናገርም፤ ሩዙ ራሱ ይናገራል። ዛሬ ብዙው እናት ትቶታል፤ ያልተወውም አለ። አምና የኮቶኔ ጓደኛ የሪሳ እናት ሠርታ፣ ወሬው በማን አፍ እንደወጣ ሳይታወቅ የክፍሉ ወንዶች ልጅቷን «አደንጓሬ» ሲሏት ከረሙ። ሪሳ በኋላ ትምህርት ቤት ቀየረች።

ስለዚህ የዛሬው ምርጫ የሞዴስ ምርጫ አልነበረም፤ ከእማማ ፉሚዮ ዓይን የሚያመልጠውን የመፈለግ ጉዳይ ነበር። የሰፈሩ ቆሻሻ የሚጣለው ውስጡን በሚያሳይ ፌስታል ነው፤ የዘንድሮዋ ተቆጣጣሪ ደግሞ እሳቸው። የሚቃጠለውን ከማይቃጠለው፣ ፕላስቲኩን ከወረቀቱ ሲለዩ የቤታቸውን ቆሻሻ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። የሽንት ቤቱን ትንሽ ቅርጫት የሚገለብጡትም እሳቸው ናቸው። በየወሩ የሚሆኮ ሞዴስ እዚያ ውስጥ ስትገኝ አንድም ነገር አይናገሩም። የዚያን ቀን ማታ ግን የሾርባውን ሳህን ፊቷ ሲያስቀምጡ ድምፁ ይለያል።

በዚህ ወር ቅርጫቱ ባዶ ነው። የሚሆኮ ቀኗ ካለፈ ሰንብቷል። እማማ ፉሚዮ ይህንንም አንድም ነገር አልተናገሩበትም፤ ብቻ ከባድ ዕቃ ከእጇ ይነጥቃሉ፣ የዓሣውን ወፍራሙን ጎን ለሷ ይገፉላታል። ሚሆኮ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። የእርግዝና መመርመሪያው እዚሁ መደርደሪያ ላይ፣ ከሞዴሶቹ ከፍ ብሎ ተደርድሯል፤ ቀና ብላ አላየችውም። ለራሷ ሞዴስ ለማንሳትም እጇ ተዘርግቶ ተመለሰ። መግዛቱ ደሙን ጠርቶ እንደማምጣት መሰላት፤ በምንም የማታምን ሴት እንዲህ ያለው ነገር ሲመጣ በሁሉም ታምናለች።

«ይሄን እንውሰድ» አለች በመጨረሻ። ጥቁር ፓንት ነው፤ ውስጡ ድርብርብ ሆኖ ደሙን ይመጥጣል። «የሚጣል ነገር የለውም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፊዋለሽ፣ ታጥቢዋለሽ፣ ክፍልሽ ውስጥ ታሰጪዋለሽ። ቅርጫቱ ውስጥ ምንም አይገባም።»

ኮቶኔ የጥርስ ሳሙናውን ትታ ጠጋ አለች። ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰችና ፊቷ በራ። «አያቴን በዘዴ በለጥሻት!» ብላ የሚሆኮን ክንድ ያዘች። ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ደንብ ነውና፣ ፓንቶቹን ብቻ ለይታ ቡናማ ከረጢት ውስጥ ከተተች። ቡናማው ከረጢት ውስጥ ምን እንደሚገባ የማያውቅ ሰው በአገሩ የለም፤ ሆኖም ሁሉም እንደማያውቅ ይሆናል። እስከ ቤት ድረስ ኮቶኔ ክንዷን አለቀቀችም። ሚሆኮ በዚያ መንገድ ላይ የዛሬውን ያህል ደስ ብሏት ሄዳ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ኮቶኔ ከልምምድ ተመልሳ ወጥ ቤቱን አልፋ ስትሄድ አውራ ጣቷን አሳየቻት። ልብሷን ቀይራ፣ አውልቃ የዘፈዘፈችውን ፓንት በሳፋ አድርጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ሸጎጠችው፤ ፎጣ ጣል አደረገችበት። መታጠቢያ ገንዳውን ሁልጊዜ ወደ ማታ የምታጥበውና የምትሞላው ሚሆኮ ስለሆነች እስከዚያ ሰዓት ከሷ በቀር እዚያ የሚገባ ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን እማማ ፉሚዮ ምራታቸው ጎንበስ ቀና እንዳትል አዘኑላትና፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ ገንዳውን ራሳቸው ሊያጥቡ ገቡ።

ሚሆኮ ለእራት ነጭ ሥር አትክልት እየከተፈች ነበር። ዘወር ስትል አማቷ ሳፋውን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ውሃው ደብዝዞ ቀልቷል።

«ይሄ ያንቺ ነው?»

ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። ድምፃቸው ልመና ነበረበት።

«አዎ» ማለት ይበቃል። ሚሆኮ ይህን ያን ጊዜውኑ አውቃለች፤ በኋላ የመጣላት ሐሳብ አይደለም። «አዎ፣ የኔ ነው» ብትል አሮጊቷ ሳፋውን አስቀምጠው ይወጣሉ፣ ማታ የሾርባው ሳህን ድምፁ ይለያል፣ ኮቶኔም ትድናለች። ነገር ግን ያልመጣውን መጣ ብሎ በገዛ አፍ መናገር አለ። ተስፋዋን በውሸት ገድላ፣ ውሸቱ ነገ እውነት ሆኖ ቢጠብቃትስ? ከፊቷ ደግሞ እነዚያ የሚለምኑ ዓይኖች ነበሩ። አይደለም በይኝ ይሏታል።

«የኔ አይደለም» አለች። ቃሉ ቶሎ ነው የወጣው፤ ሊጠፋ የነበረ ንብረቷን እንደምትነጥቅ ሰው።

የእማማ ፉሚዮ ፊት በመጀመሪያ በእፎይታ ላላ። ቀጥሎ፣ በቤቱ ውስጥ ከሚሆኮ ሌላ ማን እንዳለ ሲያስቡ፣ ፈካ። «ታዲያ ኮቶኔ ናታ! የኔ ትንሽ!»

«እማማ፣ ይተዉ እባክዎ። ልጅቷ አደራ ብላኛለች።»

«የምን አደራ! ሌባ አልተያዘብን፣ ደስታ ነው እንጂ!» ሳፋውን አስቀምጠው ከላይኛው ቁም ሳጥን አንድ የቆርቆሮ ጣሳ አወረዱ። ሲያንቀጫቅጩት ውስጡ ያለው አደንጓሬ ተንሿሿ። «ይሄን እኮ ላንቺ ነበር የገዛሁት። ልጅሽ የሚወለድ ቀን ልቀቅለው ብዬ። ግድ የለም፣ ላንቺ ሌላ እንገዛለን።»

ሚሆኮ እንደገና «እማማ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። ከዚያ ደረጃውን እስከ መሐሉ ወጣች። ከላይ ኮቶኔ ታንጎራጉራለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሚሆኮ ባለችበት ዘፍና አታውቅም ነበር። ላስጠንቅቃት ብትል «እንዴት አወቀች?» ትላታለች። እንዴት እንዳወቁ ሚሆኮ መናገር አልቻለችም። እዚያው ደረጃው መሐል ቆማ፣ ፈሪ መሆኗን እያወቀች፣ ወደ ታች ተመለሰች። አደንጓሬው መፍላት ጀምሯል።

እራት ቀረበ። ቶሞካዙ ሳህኑን አየና «ዛሬ ምን በዓል ነው?» አለ። እሱም ጥቂት ቆይቶ ገባው፤ ጆሮው ቀላ፣ ዓይኑን ሩዙ ላይ ተክሎ «እ… እንኳን ደስ አለሽ» አለ።

ኮቶኔ አልተነቃነቀችም።

«ለጎረቤቶቻችን ለነሚያሺታም አንድ ሳህን አድርሻለሁ» አሉ እማማ ፉሚዮ ደስታቸውን መያዝ አቅቷቸው። «እንኳን ደስ አላችሁ ብለዋል።»

የነሚያሺታ ልጅ ከኮቶኔ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚማረው። ልጅቷ የመብያ እንጨቶቿን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ያየችው ግን አያቷን አልነበረም።

«ነገርሻት» አለች።

ሚሆኮ አፏን ከፈተች። አልነገርኳትም፣ ሳፋውን አገኙት ልትል ነበር። ከዚያስ? ሳፋው በዚህ ማዕድ ላይ፣ በአባቷ ፊት ሊነሳ ነው? ደግሞስ ሳፋው ከተነሳ ጥያቄው ይነሳል፤ ጥያቄው ከተነሳ መልሷም ይነሳል። አፏን መልሳ ዘጋች። ልጅቷን ለማዳን ዝም አልኩ ብትል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ለራሷ ነበር።

«አትቆጪያት» አሉ እማማ ፉሚዮ፣ ሊያስታርቁ። «እናት አይደለችም እንዴ? እናት ደስታ አያስችላትም።»

በዚህ ቤት ውስጥ ሚሆኮ እናት ተብላ ስትጠራ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ስንት ዓመት የጠበቀችው ቃል በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት መጣላት።

«እናቴ አይደለችም» አለች ኮቶኔ። አልጮኸችም። እንጨቶቿን አንስታ ቀይ ሩዙን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በላች፤ በዚህ ቤት ሩዝ አይተርፍም። ያበላትን እጅ እንደ ወጉ አመስግና፣ ሳህኗን አንስታ ፎቅ ወጣች። ቆይተው እማማ ፉሚዮ «ላባብላት» ብለው ተከተሏት። ቶሞካዙ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። የሚሆኮ ሳህን እንደተከደነ ቀረ።

ሳህን እያጠበች ሳለ ወገቧን ያዛት። ያንን ሕመም ታውቀዋለች፤ ከየትኛውም ሕመም ለይታ ታውቀዋለች። ቢሆንም የያዘችውን ሳህን አጥባ፣ አድርቃ፣ ቦታው አስቀምጣ ነው ወደ ሽንት ቤት የሄደችው።

መጥቷል።

አላለቀሰችም፤ የዛሬን ዕንባ ጠዋት ጨርሳዋለች። ብዙ ከተቀመጠች በኋላ ነው መሳቢያዋ ባዶ መሆኑ ትዝ ያላት። የመጨረሻዋን ለማን እንደሰጠች፣ ለራሷ ያልገዛችው ለምን እንደሆነ ትዝ አላት። ከበሩ ውጭ ከደረጃው የሚወርድ ቀላል ኮቴ ሰማች።

«ኮቶኔ» አለች።

ኮቴው ቆመ።

«ዛሬ ከገዛናቸው… አንዱን ታቀብይኛለሽ?»

ኮቴው ወደ ላይ ተመለሰ፤ ሚሆኮ «ሄደች» ብላ ቆረጠች። ከዚያ እንደገና ወረደ። በሩ ገርበብ አለና ቀጭን እጅ ቡናማውን ከረጢት እንዳለ፣ የቀሩትን ፓንቶች ሁሉ እንደያዘ፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

«አያቴ ነገረችኝ» አለች ኮቶኔ ከበሩ ጀርባ። «የማነው ብላ ስትጠይቅሽ ምን እንዳልሻት።»

ሚሆኮ እጇን ዘርግታ የከረጢቱን ጫፍ ያዘች።

«አሁን ያንቺ ነው» አለች ልጅቷ፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ከፎቅ ወርደው ኖሮ፣ ከወጥ ቤቱ የእማማ ፉሚዮ ድምፅ መጣ፤ ቀልጠፍ ያለ፣ ደስ ያለው ድምፅ። «ሚሆኮ! ሩዝሽን እኮ አልነካሽውም! ላሙቅልሽ? አሁን እንኳ ለሁለት ነው መብላት ያለብሽ!»

ሚሆኮ ከረጢቱን ጭኗ ላይ አደረገች። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ እንዳይሰማባት በመዳፏ ጫን አለችው።

«ሚሆኮ?» አሉ አሮጊቷ እንደገና፣ አሁን ከበሩ አጠገብ ሆነው። «አለሽ?»